የደምሴ ዓይንና የሌኒንግራድ ዓሦች

ከአገር የወጣሁበት ምሽት የጀመረው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ያን ዘመን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው ዘመዱን የሚሸኘውም የሚያለቅሰውም በጊዜ ነበር። አውሮፕላኑ የሚነሳው ንጋት ላይ ስለሆነ ቦሌ አካባቢ አክስቴ ቤት ማደር ነበረብኝ፤ ሻንጣዬን ይዤ የቀጨኔን ቁልቁለት ስወርድ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይመርቃል። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከሸማኔ ጉድጓዱ ወጥቶ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ እስከ በሩ መጣና እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ግን ወደ እኔ ሳይሆን በስተግራዬ ወደቆመችው ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስካለ ነበር። እሷም ደንገጥ ብላ እጁን ያዘችለት።

"ጸዳለ፣ እጅሽ ሻክሯል፤ ተማሪ ነኝ ብለሽ ስታታልይን ነበር?" አለ እየሳቀ።

እትዬ አስካለ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እማዬ ግን ወደ ውስጥ ገባች። ቀልዱን አውቆ ያደረገው ይሁን ወይም ሲሳሳት ጊዜ በቀልድ የሸፈነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም።

ምን ሆኖ ነው ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ አስቀምጪ ያሉኝን የተከለከለ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ደምሴ ሲሠራ እግሩን በሚሰድበት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። እሱም ያውቃል። "እግሬ ሥር ማን ይፈልጋል?" ብሎ ነው የፈቀደልኝ። አሰሳ የመጣ ዕለት ረፋዱ ላይ አምስት ሆነው ገቡ፤ የእማዬን የጥጥ ከረጢት ዘረገፉ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ በመጨረሻም አንዱ ደምሴን ከጉድጓዱ ተነሳ አለው።

"ድሩ ይበጠስብኛል ወንድሜ፣ የሰው ጋቢ ነው" አለው ደምሴ፤ አልተነሳም።

ሰውዬው በጠመንጃው ሰደፍ ማጅራቱን ሁለት ጊዜ መታው። ደምሴ በግንባሩ ድሩ ላይ ተደፋ፣ ደሙም በነጩ ጥጥ ላይ ፈሰሰ። ሰዎቹም ያን ሲያዩ ሥራቸውን እንደጨረሱ ሁሉ ወጥተው ሄዱ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ወረቀቱ የኔ ነው አላልኩም። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ አሁን የምጽፈው ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ የወጣ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሲነቃ "ኩራዙን ለምን አጠፋችሁት?" አለን፤ ጊዜው እኩለ ቀን ነበር። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ ዓይኑን አየና ብሌኑ ብርሃን ሲያገኝ እንደሚጠብ ለእማዬ አሳያት። "ዓይኑ ጤነኛ ነው እማማ። የተጎዳው ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው፣ ዓይን ያየውን የሚቀበለው ቦታ ነው" አላት። እማዬ "ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ለምን አያይም?" አለችው፤ ሐኪሙም ካርዱን ጽፎ ሰጠን። ከዚያ ጠበል ነው፤ ስንት ሳምንት ጠበል። የቀጨኔ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያሉ ሲሸሹን የኖሩ ሰዎች የወንድሜን ዓይን ሲያዩ ያሉትን አልነግራችሁም።

ደምሴ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድርና ማጉን እጁ ያውቀዋል፤ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ የሚያይ እንጂ ዕውር አይመስልም። ጥለቱ ግን ቀረ። ጥለት ቀለም መለየት ይፈልጋል፣ የሱ ስም ደግሞ በጉለሌ የታወቀው በጥለቱ ነበር። ጥለት የሌለው ጋቢ ብቻ የሚሠራ ሸማኔ ሆነ፤ እኔም በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ።

ወደ ሌኒንግራድ የመሄድ ዕድሉ ሲመጣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ አሰሳውን የመራው ሰው ነው። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ምንድነው የምትማሪው?"

"የዓሣ ሀብት፣ ጓድ።"

"ቀጨኔ ሐይቅ አላት?"

"የላትም፣ ጓድ።"

"የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ታዲያ ዓሣ ነው እንዴ?"

"በየሐይቁ ብዙ ዓሣ አለን፣ የሚያወጣው ሰው ግን የለንም፣ ጓድ።"

ማኅተሙን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዓሣ በጾም ይበላል?" አለኝ።

"የሚበላ አለ፤ የማይበላም አለ።"

"እናቴ አይበላም ትላለች" አለና ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋም "ወንድምሽ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ደህና ነው፣ ጓድ" አልኩት። ምን ልበለው? አመስግኜ ወጣሁ።

ስለ ሌኒንግራድ ብርድ እዚያው የተማራችሁ ሌሎቻችሁ ስለጻፋችሁ ብዙ አልልም። የእንጦጦን ነፋስ ብርድ ብለን ስናማው መኖራችን አሳፈረኝ፤ የእንጦጦ ነፋስ እኮ ቆንጠጥ አድርጎ የሚያልፍ ዘመድ ነው። የዚህኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። ግሬችካ የሚሉት የእህል ቅቅል አለ፣ መጀመሪያ ቀን መልኩን ሳየው የአገሬ ጤፍ መሰለኝ፣ ስቀምሰው ግን ምንም አይልም። ጥቁር ዳቧቸው ብቻ እንደ እንጀራ ትንሽ ኮምጠጥ ስለሚል ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት። የሚገርመው ሰው አጠገብህ ተቀምጦ እንብላ ሳይልህ እስከ መጨረሻው ይበላል፣ አፉንም ጠርጎ ይሄዳል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ብትታመም ሌሊቱን ሙሉ አጠገብህ የሚቀመጡትም እነሱ ናቸው።

የማደሪያችን ኃላፊ፣ ኮመንዳንት ይሏታል፣ ታማራ የምትባል ወፍራም ሴት ነበረች። እማዬ የላከችልኝን በርበሬ የከፈትኩ ዕለት ፎቁ ሁሉ ሲያስነጥስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

"ይህ ምንድነው?"

"ምግብ ነው።"

"ምግብ ሰውን አያስለቅስም። ለምን ዓላማ ነው ያስገባሽው?"

"ለወጥ።"

"ወጥ" ብላ ጻፈች፤ በእነሱ ፊደል። ቀጥላም "ሌሎች የአገርሽ ተማሪዎች ይህን ነገር በምን ያህል መጠን ነው የሚይዙት?" አለችኝ። ቀመሰችው። እንባዋ እየወረደ ወረቀቱን ቀደደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኪያ ይዛ ትመጣ ነበር።

የተላክሁት ኩሬ ውስጥ ዓሣ ማርባት ልማር ነው። አንድ ቀን ግን ከእርባታው ክፍል ዓሦች በባልዲ አድርሽ ተብዬ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄድኩ። እዚያ አንዲት ወርቅማ ዓሣ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አለች፤ በብርጭቆው ዙሪያ ነጭና ጥቁር መስመር ያለበት ከበሮ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። መስመሮቹ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ዓሣዋም ወደ ቀኝ ትዋኛለች፤ ወደ ግራ ሲዞሩ ትከተላቸዋለች። አጠገቧ አንዲት ቀጭን አሮጊት ተቀምጠው ይጽፋሉ። ፕሮፌሰር ቬራ ኢቫኖቭና ነበሩ።

"ምን እያደረገች ነው?" አልኳቸው።

"እያየች ነው። ባለፈው ወር ዕውር ነበረች።"

ባልዲውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም የታመምኩ መስሏቸው ውኃ ሰጡኝና አስረዱኝ። ዓሣ ዓይኑ ያየውን የሚቀበለው በመካከለኛው አንጎሉ ጣሪያ ላይ ነው። የግራው ጣሪያ የቀኝ ዓይንን፣ የቀኙም የግራ ዓይንን ያስተናግዳል። ጣሪያውን ስትጎዱት ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዓሣው አያይም። ቆይቶ ግን በጉዳቱ ጠርዝ ላይ አዳዲስ ሕዋሶች ይወለዳሉ፤ ከዓይን የሚመጡት ቀጫጭን ክሮችም መንገዳቸውን እየፈለጉ ያድጋሉ፣ ዱሮ ያርፉበት ወደነበረው ቦታም ይመለሳሉ። ክሮች ነበር ያሉኝ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ የተበጠሰ ድር ራሱን ሲቀጥል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስለ ደምሴ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ "ሰው ዓሣ አይደለም፣ ልጄ። የዓሣ አንጎል ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። የኛ እንደዚያ አያድግም። ከሰውም አንዳንዱ ትንሽ ይመለስለታል፤ ማን እንደሚመለስለት ግን አላውቅም" አሉኝ። እኔ የያዝኩት "አንዳንዱ ይመለስለታል" የምትለዋን ብቻ ነው። ስንት ቢሮ ለምኜ፣ ስንት ፊርማ ለቅሜ፣ ከእርባታው ወደሳቸው ክፍል ተዛወርኩ።

ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አይምሰላችሁ። ዓሣው እንዲያገግም መጀመሪያ መጎዳት አለበት። ዓሣውን በመድኃኒት አስተኝቼ፣ በአጉሊ መነጽር ሥር የራስ ቅሉን በትንሹ ከፍቼ፣ በገዛ እጄ ያን ጣሪያ እነካዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን እጄን ሳየው ሰደፉን የያዘው ሰውዬ እጅ መሰለኝ። መሣሪያውን ጥዬ ወጣሁ። ቬራ ኢቫኖቭና ተከትለውኝ ወጡና፣ ሳይቆጡ፣ "ዓሣውን ትተሽው ብትሄጂ ማን ያይለታል?" አሉኝ። ተመለስኩ። ስንት ዓሣ እንዳሳወርኩ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ለቤት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ረጅም ደብዳቤ። ዓሣ እንዴት እንደሚያገግም በቅደም ተከተል አስረዳሁ፤ መጀመሪያ ጥላ ሲያልፍበት ይደነግጣል፣ ከዚያ የሚንቀሳቀስ መስመር ይከተላል፣ በመጨረሻም ምግቡን ለይቶ ያነሳል። እያንዳንዱ በስንተኛው ሳምንት እንደሚሆንም ጻፍኩ። እማዬ የነጠላዋን ጥለት ደምሴ ፊት ቀስ አድርጋ ከግራ ወደ ቀኝ እንድታንቀሳቅስ፣ ዓይኑ ይከተል እንደሆነም እንድታይ ለመንኳት። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤዬን የምታነበው እትዬ አስካለ ነበረች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስተርጅና ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ አንድ ቃል ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ትተነፍሳለች፣ መልሱንም ደምሴ ሲናገር እሷ ትጽፋለች። ፊደሏ ባቄላ ባቄላ ያክላል።

የመጀመሪያው መልስ በሁለት ወሩ ደረሰኝ። "ውድ እህቴ ጸዳለ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፤ እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን። እማዬ በፊቴ ስታልፍ ጥላ ነገር ታወቀኝ" ይላል። በሚቀጥለው፣ "ነጠላውን እማዬ ስታንቀሳቅስ ዓይኔ ተከተለ፤ እትዬ አስካለም ምስክር ናት።" በሦስተኛው ማንኪያውን ከገበታው ላይ አይቶ አነሳ። በአራተኛው ቀይና አረንጓዴ ክር ለየ። ደብዳቤውን ይዤ ደረጃውን እየሮጥኩ ወርጄ ታማራን አቀፍኳት። "ማን አገባሽ?" አለችኝ። ወንድሜ ቀይ ክር አየ አልኳት፤ ትንሽ አሰበችና "ቀይ ጥሩ ነው" አለች።

በዚያው ሰሞን ትምህርቴን ልጨርስ ነበር። ሐሳቤ ወደ ቀጨኔ ተመልሼ አጠገቡ ልኖር፣ በቀረው ዕድሜዬ ዓይን ልሆነው ነው። ቬራ ኢቫኖቭና ደግሞ ለተጨማሪ አራት ዓመት ከሳቸው ጋር እንድቆይ ቦታ አገኙልኝ። ደምሴ የሚያይ ከሆነ እቆያለሁ፤ የማያይ ከሆነ እሄዳለሁ። ነገሬ ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠለጠለ።

የዓሦቹንም የደምሴንም ነገር የማሰፍረው በአንድ ደብተር ነበር፤ በግራ ገጽ ዓሣ፣ በቀኝ ገጽ ወንድሜ። ደብተሩን ለቬራ ኢቫኖቭና አሳየኋቸው፤ ላኮራቸው ፈልጌ ነው እንጂ ምክር ፈልጌ አይደለም። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አነበቡት።

"ይኸኛው የት ላይ ነው የሚሳሳተው?" አሉኝ በቀኙ ገጽ ላይ ጣታቸውን አድርገው።

"እሱ ዓሣ አይደለም፤ ወንድሜ ነው።"

"ወንድምሽም ቢሆን። የት ነው የሚሳሳተው?"

ገጹን ደግሜ አየሁት። የሚያገግም ዓሣ እንዴት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁና። ምግቡ በቀኝ ሳለ በግራ ይወረወራል፤ አንድ ቀን መስመሩን ይከተላል፣ በማግስቱ እንደ ድንጋይ ፈዞ ይውላል፤ ሁለት ዓሦች በአንድ ቀን ተጎድተው አንዱ ሲያይ ሌላው ጭራሽ ሳይመለስለት ይቀራል። ደምሴ ግን በአራት ደብዳቤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሳምንቶቹን ቆጠርኩ፤ እኔ የጻፍኩላቸው ሳምንቶች ናቸው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ቀይና አረንጓዴውን ብቻ ከራሱ ጨምሯል፤ የሚናፍቀው ቀለሙን ነውና።

እኔ ሞኝ። ሳይንስ ተማርኩ ብዬ የአገሬን ደብዳቤ እንደ ላቦራቶሪ ደብተር አነበብኩት። እኛ ዘንድ ውጭ ላለ ሰው የሚጻፈው ደብዳቤ እንዳይጨነቅ ነው እንጂ እንዲያውቅ አይደለም። ሞት እንኳ ሲሆን ሰው እስኪገኝ ተብሎ ይደበቃል። እኔም እኮ ለሊቀመንበሩ "ደህና ነው" ያልኩ ሰው ነኝ። ቬራ ኢቫኖቭና ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝና፣ "እናንተ ዘንድ ስልክ አለ?" አሉኝ።

ስልክ ያለው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ነበር፤ ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ታጠፍ ስትሉ። ቀኑንና ሰዓቱን በቴሌግራም አስታወቅሁ። እዚህ ደግሞ ሳምንት አስቀድሜ ተመዝግቤ፣ ፖስታ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁ፤ ቁጥሬ ሲጠራ ሦስት ደቂቃ ተባልኩ። የምለውን አጥንቼው ነበር። እውነቱን ንገረኝ፣ እመጣለሁ፤ ወረቀቱ የኔ ነበር፣ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ያጠናሁት ይህንኑ ነው።

"አሎ? ጸዳለ ነሽ?" አሉ ሐጂ ኑሩ። "ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ በይ እንኪ።"

"እህቴ" አለ ደምሴ። ድምፁን ከሰማሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። "ብርዱ እንዴት ነው?"

"ለምጄዋለሁ። ደምሴ፣ ታያለህ?"

"ደብዳቤው አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል። ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

"ይኸው፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የለ? ስኳሩ አለ፣ ሳሙናው ተደርድሯል፣ ሐጂ ሚዛናቸው አጠገብ ናቸው።" ሱቁን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሚዛኑም ቦታውን ለውጦ አያውቅም።

"እማዬ አጠገብህ ናት?"

"አለች።"

"ምን ለብሳለች?"

መስመሩ እሽሽ ይላል፣ ከሩቅ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ይነጋገራል። ከዚያ እማዬን ሰማኋት፤ ለኔ አልነበረም፣ በሹክሹክታ ነው፤ "ሹራብ በላት። ሰማያዊ።"

"ሰማያዊ ሹራብ" አለ ደምሴ።

ያጠናሁትን ሁሉ ተውኩት። ስልክ የምታገናኘው ሴትዮ በሩሲያኛ ሰዓቱ እያለቀ መሆኑን ነገረችኝ።

"እንግዲህ እኔ እያየሁ ነው" አለ ደምሴ፤ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚነግር። "አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ። እዚያው ቆዪ። በኔ ነገር አትጨነቂ፣ እሺ?"

"ሰማያዊ ያምርባታል" አልኩት።

"በጣም" አለኝ። "ዛሬማ አምሮባታል።"